ሃያ ስድስት ጊዜ የታመሙት ወይዘሮ ወለተጻድቅ

ወይዘሮ ወለተጻድቅን በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት ጊዜ አክሜያቸዋለሁ። ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮልፌ ውስጥ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ጣቢያዋ ከጦር ኃይሎች ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ፣ ከፌርማታው ትንሽ ገባ ብላ ነበር። ሦስት ክፍል፣ አንድ ሚዛንና አንድ ሐኪም ነበራት። ሐኪሙ እኔ ነበርኩ። ሚዛኑ ይሠራ ነበር።

ሕክምና የተማርኩት ሩማኒያ፣ ክሉዥ በምትባል ከተማ ነው። እዚያ ፕሮፌሰራችን በአንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ ስድስት ተማሪ ያቆምና አርባ ደቂቃ ያስጠይቀን ነበር። ምን በልቶ እንዳደረ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ እንጠይቃለን። ሰባት ዓመት እንዲህ ጠየቅሁ። ኮልፌ ከተመደብኩ በኋላ በአርባ ደቂቃ ሃያ ሰው ማየት ቻልኩ። መጀመሪያ ላይ እድገት መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር ደረሰብኝ። በሽታ ነው እንዳልል ምልክቱ አይሞላም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰዓት አከብራለሁ። ሰው ሲገባ ግን የምሰማው በሩን ነበር። ካርዱን እቀበላለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ የተነገረኝን እጽፋለሁ፣ መድኃኒት አዛለሁ፣ ‹‹ተረኛ!›› እላለሁ። በአማርኛ ሰውን ‹‹አንተ›› ወይ ‹‹አንቺ›› ሳይሉ ማነጋገር አይመችም፤ ለዚያ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ግን መላ አግኝቼለት ነበር። ‹‹ምን ያማል?›› እል ነበር። ለሁሉም ይሆናል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ጠዋት ካየኋቸው ሰዎች መካከል የአንዱን ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድ ጫማ ትዝ አለኝ። ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ፣ ቀኙ በሽቦ የተሰፋ።

በዚያው ሰሞን ዋናው መሥሪያ ቤት ስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ ክፍት ቦታ እንዳለ ሰማሁ። ሄጄ የክፍሉን ኃላፊ ጓድ ሀብተሥላሴን አነጋገርኩ። ጠረጴዛቸው ንጹሕ ነበር። የሚያስል ሰው በአካባቢው አልነበረም።

‹‹ቁጥር ትወዳለህ?›› አሉኝ።

‹‹አያስልም›› አልኳቸው።

መልሱን ወደዱት። ‹‹እንግዲያው ከጣቢያህ ካርዶች ውስጥ አንድ ስህተት ፈልገህ፣ ተንትነህ፣ ከነማስረጃው አምጣልኝ። ስህተት የማያይ ሰው ለዚህ ክፍል አይሆንም። እስከ ሐምሌ ሠላሳ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ትቀመጣለህ።››

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካርድ ክፍል ገባሁ። ካርድ ክፍሉ የወይዘሮ ዘመነች ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በዚያች መስኮት ካርድ አውጥተዋል፤ በመሀሉ ሹራብ ይሠራሉ።

‹‹ምን ጠፋብዎት ዶክተር?››

‹‹ስህተት እየፈለግሁ ነው።››

‹‹የማንን?››

‹‹የማንም ይሁን።››

‹‹እንግዲያው ከላይኛው መደርደሪያ ይጀምሩ›› አሉ ሹራባቸውን ሳያቋርጡ። ‹‹እሱን የነካው የለም፤ አቧራውንም አብረው ያወርዱልኛል።››

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ አቧራ ከሌለበት መደርደሪያ አንድ ወፍራም ካርድ አወጣሁ። ቁጥሩ 1147 ነው። ወለተጻድቅ፣ ሴት፣ ዕድሜ ሃምሳ አራት። የመክፈል አቅም ስለሌላቸው በነፃ እንዲታከሙ የሚል የቀበሌ ደብዳቤ በስፒል ተያይዞበታል። ማህተሙ ክብና ግልጽ ነው።

እኚህ ሴት ጥር አጋማሽ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ሰባ አራት ሆኑ። በሳምንቱ አሥራ አንድ ኪሎ መዝነው ኩፍኝ ያዛቸው። በየካቲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው። በመጋቢት ፂማቸውን ሲላጩ የተቆረጡት አገጫቸው ላይ አመርቅዟል። ‹‹ምላጭ እንዲቀየር›› የሚል ምክር ተጽፏል።

ከእያንዳንዱ መስመር በታች ፊርማ አለ። ሃያ ስድስቱም የኔ ነበሩ። የጠራ ፊርማ ነው፤ ሩማኒያ ሳለሁ ተለማምጄዋለሁ።

ነገሩ ገባኝ። አንድ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ለሙሉ ሰፈር እያገለገለ ነበር። ሰዎቹ ይለያያሉ፤ ስማቸው በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ወለተጻድቅ ይሆናል።

ደስ አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ያለኝ ያኔ ነው። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሳንሱሲ፣ ወደምኖርበት ቤት ወሰድኩትና ቅዳሜና እሑድ ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ‹‹በአንድ የነፃ ሕክምና ካርድ ላይ የታየ መዛባት›› አልኩት። ሠንጠረዥ አለው። ከሁለት ገጽ በላይ ስለ ማህተሙ ነው። የመጨረሻው ገጽ ደብዳቤው እንዲሰረዝና ባለቤትዋ በቀበሌው እንዲጠየቁ ይላል። ‹‹እንዲጠየቁ›› የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ጻፍኩትና ነጥብ አደረግሁ። በዘጠኙ ገጽ ውስጥ የፈራሚው ሐኪም ነገር አልተነሣም።

ፖስታውን ቅዳሜ፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ በእጄ ላደርስ አሰብኩ። እስከዚያው ካርዱም ደብዳቤውም ማስረጃ ስለሆኑ ቦርሳዬ ውስጥ ቆዩ።

ሰኞ ጠዋት በግድግዳው በኩል የካርድ መስኮቱን ንግግር ሰማሁ። የሴት ሳል ነበር፤ ከዚያ የወይዘሮ ዘመነች ድምፅ።

‹‹ካርድሽ የለም።››

‹‹ሁልጊዜ እዚያች ጋ ነው እኮ፣ እትዬ። ወፍራሙ።››

‹‹ወፍራሙ የለም።››

‹‹ኪኒኔ አልቋል!››

‹‹ያለ ካርድ ኪኒን አይሰጥም። ረቡዕ ብቅ በይ።››

‹‹ተረኛ!›› አልኩ እኔ።

ረቡዕ ሳሉም ንግግሩም ተመለሰ። ሁለቱም ትንሽ አጠሩ። በበሩ ስንጥቅ ቁልቁል ሳይ በሽቦ የተሰፋ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ ወደ ውጭ ሲራመድ አየሁ። ጭቃ ነበረበት። ወደ ካርዴ ተመለስኩ።

ሐሙስ ዕለት ‹‹ተረኛ›› ሳልል በሩ ተበረገደ።

‹‹ካርዴን የወሰድከው አንተ ነህ?››

ድምፁ ከተለመደው ከፍ ያለ ስለነበር ቀና አልኩ። ረዥም፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ቆመዋል። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። እጃቸው ልብስ በማጠብ የሚተዳደር ሰው እጅ ነው፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነው ተጨማደዋል።

‹‹እርስዎ ማን ነዎት?››

‹‹ወለተጻድቅ ነኛ!››

አየኋቸው። ነፍሰ ጡር አይደሉም። ፂም የላቸውም።

‹‹የትኛዋ ወለተጻድቅ?››

‹‹ስንት ታውቃለህ?››

‹‹ዘጠኝ ያህል።››

ተቀመጡ። ንዴታቸው ትንሽ የቀዘቀዘ መሰለኝ፤ ወይም ደረጃውን ሲወጡ ደክሟቸው ይሆናል።

‹‹ምንዎን ነው የሚያምዎት?›› አልኩ፤ ልማድ ነው።

‹‹እኔ? እኔ ምን አሞኝ! ታምሜ አላውቅም።››

‹‹ታዲያ ደብዳቤውን ለምን አወጡ?››

‹‹እኔ መቼ አወጣሁ? ባሌ የሞተ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። ሰው የሰጠህን ትመልሳለህ እንዴ? ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጎረቤት ይታመም ጀመር። ደብዳቤው ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ ሰው ደጄ ላይ ሲያቃስት ልይ?››

‹‹እነሱስ ከቀበሌ አያወጡም?››

‹‹ዱባለን ሱቅ አለህ አሉት። ሱቁ ክብሪትና ሳሙና ነው፤ ሲዘንብ ሁለቱንም ብብቱ ውስጥ ይዞ ይገባል። ብርቅዬን ባልሽ ወታደር ነው፣ ደመወዝ አለሽ አሏት። ባሏ ሰሜን ነው፤ ደመወዙም እዚያው ከሱ ጋር ነው መሰል አልመጣም። አልማዜ ደግሞ መታወቂያዋ የሌላ ቀበሌ ነው።›› ጠረጴዛዬን በጣታቸው መቱት። ‹‹አሁን ካርዴን አምጣ።››

ካርዱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ግን አልሰጠኋቸውም። ትንታኔው ላይ አንድ ገጽ የሚጨመር መስሎኝ እስክሪብቶ አነሳሁና፣ እኔ መስመር በመስመር ላንብብ፣ እሳቸው የማን እንደሆነ ይንገሩኝ አልኳቸው። ውጭ አርባ ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። በሩን ዘጋሁት።

‹‹ሰባ አራት ኪሎ፣ የወገብ ሕመም።››

‹‹ዱባለ። ፍራሽህ ነው የጎዳህ ብለኸው ፍራሹን ሸጠው። አሁን መሬት ላይ ይተኛል፤ ወገቡ ደህና ነው።››

‹‹ጠንካራ ላይ ተኛ ነው ያልኩት።››

‹‹መሬት ጠንካራ ነው።››

‹‹ከፂም መላጨት የመጣ የአገጭ ቁስል።››

‹‹እሱም ዱባለ። ሚስት ሊያገባ ነበር። አገባ። ከነቁስሉ ወደደችው።››

‹‹አሥራ አንድ ኪሎ፣ ኩፍኝ።››

‹‹የብርቅዬ ልጅ። ትናንት ሁለት ብርጭቆዬን ሰበረብኝ። በጣም ነው ያዳንከው።››

‹‹ነፍሰ ጡር።››

‹‹ራሷ ብርቅዬ። ሰኔ ላይ በሰላም ተገላግላለች።››

እየጻፍኩ ነበር። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው በሽታው የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አልነበረም፤ የዳነ ሰው ተመልሶ ካርድ አያወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ በር የገባው ሁሉ በሽተኛ ነበር። ስለዚህ ኮልፌ ውስጥ የሚድን ሰው የለም የሚል ግምት ይዤ ነበር፤ በጽሑፍ አላሰፈርኩትም እንጂ።

‹‹ስድሳ ኪሎ፣ የልብ ድካም፣ የእግር እብጠት›› አልኩ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

‹‹አቶ ቡልቻ። ጥበቃ ነበሩ፣ ከኛ በላይ ያለው ግቢ። አረፉ። ፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው።››

‹‹ስንት ጊዜ መጥተው ነበር?››

‹‹ሦስት ጊዜ፣ መጋቢት ላይ። አንተን ሲያመሰግኑ ነው የሞቱት።››

‹‹ምን ብለው?››

‹‹ያልተቆጣኝ ሐኪም እሱ ብቻ ነው ይሉ ነበር።››

እውነት ነው፣ አልተቆጣኋቸውም። አላየኋቸውም ነበር።

ካርዱን ወደ ኋላ ገለጥኩና የመጋቢትን መስመሮች ፈለግሁ። በመሀል የዱባለ ሰባ አራት፣ የብርቅዬ ሃምሳ አምስት፣ የልጅዋ አሥራ አንድ አለ። የአቶ ቡልቻን ከመሀላቸው እየለቀምኩ ለብቻው ጻፍኩት። ሦስት ቁጥር ሆነ። ስድሳ፣ ስድሳ አራት፣ ስድሳ ዘጠኝ። በሃያ ቀን ውስጥ። ልቡ የደከመ ሰው በሃያ ቀን ዘጠኝ ኪሎ ሲጨምር ስብ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ ሆስፒታል መላክ አለበት። ይህን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔ በሦስቱም ቀን ያንኑ ኪኒን አዝዤ ፈርሜያለሁ። ለብቻው የተጻፈ ወረቀት ቢኖራቸው አየው ነበር ይሆናል። ወረቀትም ሳይኖር ቀና ብል እግራቸውን አየው ነበር። ሆስፒታል ቢላኩ ይድኑ ነበር ወይ የሚለውን አላውቅም። ብዙ ቀን አስቤዋለሁ፤ አሁንም አላውቅም።

ስህተት ፈልግ ተብዬ ነበር።

‹‹ቀጥል እንጂ›› አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

‹‹ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ። የሳንባ ነቀርሳ።››

‹‹እሷ ናት! ለሷ ነው የመጣሁት። አልማዜ። ሰኞ መጣች፣ ካርድ የለም ተባለች። ረቡዕ መጣች፣ የለም ተባለች። አራት ቀን ኪኒን አልዋጠችም። አሁንማ ተነቅቶብናል፣ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች።››

የአልማዜንም ቁጥር ለቀምኩት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ አንድ። አርባ አራት። አርባ ስድስት። ይህኛው ሲጨምር ደግ ነበር። በጥር መርፌ ጀምራለች፤ ሁለት ወር በየቀኑ ተወግታ ኪኒን ላይ ናት። አሥራ ሁለት ወር መሙላት አለባት። አምስት ወር ከግማሽ ይቀራታል። በመሀል ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት ይመለሳል፤ ሲመለስ የምሰጠው ሌላ መድኃኒት አልነበረኝም። ያቋረጠችው ደግሞ ካርዱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ስለነበረ ነው።

‹‹ላያት እፈልጋለሁ›› አልኩ።

‹‹ስድስት ወር ስታያት ከርመህ?››

ውጭ የነበረውን ሰው በፍጥነት አይቼ ጨረስኩ። ቀና እያልኩ ስለነበር ከወትሮው ቆየ፤ ተራ የሚጠብቁት አጉረመረሙ። በምሳ ሰዓት ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ጋር በሐምሌ ጭቃ ወደ ታች ወረድኩ። ኪኒኑን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። እሳቸው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሄዳሉ፤ እኔ የረገጡትን ለመርገጥ እሞክራለሁ፤ አልተሳካልኝም።

አልማዜ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ሽንኩርት ትለይ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቀኙ በሽቦ የተሰፋ። ከዚያ ቀና አልኩ። ፊት አላት። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ።

‹‹ማን ናቸው?›› አለች ወይዘሮ ወለተጻድቅን።

‹‹ዶክተርሽ ነዋ!››

‹‹ውይ! ይቅርታ ዶክተር፤ ፊትዎን አላውቀውም። እኔ የማውቀው አናትዎን ነው።›› አጎንብሳ እንደማየት አለች። ‹‹አዎ፣ ናቸው። መሀሉ ላይ ሳስቷል።››

መሳሳቱን አላውቅም ነበር። በኋላ በሁለት መስታወት አየሁት። ትክክል ናት።

ኪኒኑን ሰጠኋት። እዚያው በውኃ ዋጠችው።

‹‹ካርዱ ተገኘ ማለት ነው?››

‹‹ተገኘ።››

‹‹የት ነበር?››

‹‹በስህተት ሌላ ቦታ ተቀምጦ።››

ሽንኩርቷን ሁለት ሦስት ለየች።

‹‹እርስዎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊሄዱ ነው ብላ እትዬ ዘመነች ነገረችን።››

‹‹ምን አገባቸው?››

‹‹አይ፣ እንድንዘጋጅ ብላ ነው። አዲስ ሐኪም ከመጣ አይሆንማ። ቀና ብሎ ያየኛል። ካየኝ የሃምሳ አራት ዓመት ወለተጻድቅ አይደለሁም። እዚያ አስኮ በኩል ያለው ጣቢያ ለኔ ይቀርበኛል፤ ግን እዚያ ያለው ሐኪም ሰው ያያል። እርስዎ አያዩም። ለዚህ ነው ሁላችንም እርስዎ ጋ የምንመጣው።››

ስትናገር ክፋት የለባትም። ምስጋና ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞኝ፣ ተሰላችቼ፣ ሰው ጠልቼ አንገቴን የደፋሁት ለዚህ ሰፈር እንደ አገልግሎት ተቆጥሮልኝ ኖሯል።

‹‹አንቺ አሥራ ሁለቱን ወር ሙዪ›› አልኳት።

‹‹እርስዎስ?››

‹‹እኔ ምን?››

‹‹ይሞላሉ?››

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደኔ ዞሩ። ሁለት ሴቶች ሲያዩኝ ቁልቁል ጫማዬን አየሁ። በጭቃ ተሞልቷል።

‹‹ሰኞ ነይ›› አልኩ። ‹‹ሚዛን ላይ ትወጫለሽ።››

ከዚያ በላይ አላልኩም። ከዚያ በላይ ቃል ብገባ ራሴም የማምን አይመስለኝም ነበር።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ካርዱን ይዤ ወይዘሮ ዘመነች ጋ ገባሁ።

‹‹ስህተቱን አገኙት?›› አሉኝ።

‹‹ያውቁ ነበር እንዴ?››

‹‹እኔ ካርድ ነው የማወጣው ዶክተር። ሰው ማየት የርስዎ ሥራ ነው ብዬ።››

ዘጠኝ ባዶ ወረቀት ጠየቅኋቸው። የሞቱትን ጨምሮ ዘጠኝ ነው፤ የአቶ ቡልቻን ማውጣት አልፈለግሁም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ወረቀት አዘጋጅቼ ሃያ ስድስቱን መስመር በየባለቤቱ ልገለብጥና ሁሉንም በአንድ ካርድ ሽፋን ውስጥ ላስር ነው። ውጭው ወለተጻድቅ፣ ውስጡ ሰው።

‹‹ይሄ ደንብ ነው?›› አሉ።

‹‹አይደለም።››

ወይዘሮ ዘመነች ሹራባቸውን አስቀመጡ። መሳቢያቸውን ጎትተው እርሳስና ላጲስ አወጡልኝ።

‹‹ስሙን በእርሳስ ይጻፉት›› አሉ። ‹‹ሰው ድንገት ሊመጣ ይችላል።››

ቅዳሜ፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አልሄድኩም። አጭር ደብዳቤ ላክሁ። ‹‹በካርዶቹ ውስጥ አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። ስህተቱ የሐኪሙ ሲሆን፣ እዚሁ በቦታው መታረም ያለበት በመሆኑ ትንታኔ አላቀረብኩም›› ይላል። ነሐሴ ውስጥ ደብዳቤዎ ደርሶናል የሚል መልስ መጣ። ቁጥርና ማህተም ነበረው። ቦታውን ሌላ ሰው አገኘ፤ ምን ስህተት ይዞ እንደሄደ አልሰማሁም። ዘጠኙን ገጽ ለመርፌ መቀቀያው ምድጃ ሰጠሁት። ውኃው ሳይፈላ ወረቀቱ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ደህና ሆንኩ ብል ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት አሁንም ሰማኒያ ሰው ይመጣል። አንዳንድ ቀን ከአምስት ሰዓት በኋላ አንገቴ ራሱ ወደ ታች ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ‹‹ምን ያማል?›› ማለቴን እተውና ስም እጠይቃለሁ። ስም ሲጠራ ዓይን አብሮ ይነሣል፤ ዘዴው ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ሰዎች ደነገጡ። ዱባለ ስሙን ስጠይቀው ‹‹ወለተጻድቅ›› አለኝ፤ ፂሙ ጥሩ አድጎ ነበር። ‹‹የቤት ስምህን ነው›› አልኩት። ‹‹እሱን በእርሳስ ተጽፎ አይተውታል እኮ›› አለ በሹክሹክታ።

አሥራ አምስት ቀን ባለፈ ቁጥር አንዱን ከበሩ ሳይወጣ እጠይቀዋለሁ፤ ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ፣ ያቺ ሴት እንዴት ሆነች እላለሁ። ይነግሩኛል። አንዳንዱ ድኗል። አንዳንዱ ድኖ ክፉ ሆኗል። ሁለቱንም በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

አልማዜ ጥር አጋማሽ ላይ አሥራ ሁለት ወሯን ሞላች። ሃምሳ አንድ ኪሎ። አክታዋ ንጹሕ ነው። ወረቀቷ ግርጌ ላይ ‹‹ጨርሳለች›› ብዬ ጻፍኩ። አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ቡናማ።

‹‹እርስዎም ሞሉ›› አለችኝ።

‹‹ሞላሁ›› አልኩ። ‹‹ሂጂ እንግዲህ። ተረኛ!››

ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ ዘመነች በመስኮቱ ‹‹ወለተጻድቅ!›› ብለው ተጣሩ። በበሩ በኩል አየሁ። ከወንበሩ አራት ሰው ተነሣ። አንደኛው ፂም አለው። እውነተኛዋ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ ጉልበታቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ሌሎቹን ‹‹ግቡ፣ ግቡ›› ይሉ ነበር።

ተነሥቼ ወጣሁና ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

‹‹ጉልበቴ ነው›› አሉ። ‹‹እነሱ ይቅደሙ፤ እኔ ምንም አልል።››

አሥረኛ ወረቀት አወጣሁ። ስማቸውን በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ዕድሜ ሃምሳ አምስት። ከዚያ የሚጠየቀውን በቅደም ተከተል ጠየቅሁ።

‹‹ከዚህ በፊት ታመው ያውቃሉ?››

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወፍራም ካርድ አዩት።

‹‹እዚያ ላይ ምን ይላል?››

‹‹አርባ አንድ ጊዜ።››

‹‹እንግዲያው ለምጄዋለሁ›› አሉና፣ በሽቦ የተሰፋውን የአልማዜን ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ አውልቀው ሚዛኑ ላይ ወጡ።